ሰገነቱ የነከሰው ታኮ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ደረጃ ሥር በተወሸቀች፣ አንድ በርና አንድ አምፖል ባላት ሱቅ ውስጥ ጫማ የሚሰፋው ሰውዬ፣ ግዛቱ አንድ መዶሻ፣ ጥቂት ወስፌና አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ የሆነው፣ የዘመናት ሁሉ ታላቁ ኮንሰርት ቋሚ ምስክር ሆኖ መሾሙን ትልቅም ትንሽም ይወቅ! ሹመቱን እቃወማለሁ የሚል ካለ የተቀደደ ጫማውን ይዞ ይቅረብ። ጫማው እስኪሰፋለት ታሪኩን ይሰማል። ሰምቶ የተቃወመ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ምናልባት ባዶ እግሩን ሆኖ የሚከራከር ስለሌለ ይሆናል።

ሰፈሩ ስሙን ትቶ "ምስክሩ" ይለዋል።

"ያ ኮንሰርት" የሚባለው የቱ እንደሆነ ለእንግዳ ላስረዳ፤ የከተማችን ሰውማ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ሃያ ምናምን ዓመት ይሆነዋል። በከተማው አዳራሽ አንድ ጎርናና ዘፋኝ መጣ። ገና ሁለተኛውን ዘፈን ሲጀምር መብራት ድርግም አለ። ማይኩ ሞተ፣ ጊታሩ ሞተ፣ ከበሮ መቺውም በጨለማ ዱላውን ጥሎ መሬት ይዳብስ ጀመር። ዘፋኙ ግን አላቆመም፤ በባዶ ጉሮሮው ቀጠለ። ያን ጊዜ ሰገነቱ ላይ የነበረው ሕዝብ በእግሩ ምት ያዘለት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ሰገነቱም፣ እንደ ምስክሩ አነጋገር፣ "ነፍስ ዘራና አብሮን ጨፈረ።"

"ጨፈረ ስልህ ለወጉ እንዳይመስልህ" ይላል፣ ሚስማሮቹን በከንፈሩ እንደነከሰ። "እንደ ጀልባ ነው! ያነሣናል፣ መልሶ ይቀበለናል፤ ያነሣናል፣ ይቀበለናል። እናቴ እንኳ እንደዚያ አድርጋ እሹሩሩ ብላኝ አታውቅም። መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ራሱ ተንበርክኮ አለቀሰ።"

አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላ አንድ ሺህ ሰው አይችልም። ነበርኩ የሚለው ቢሰበሰብ ግን ስታዲየም ይጠበዋል። ያኔ ያልተወለደው ጎረምሳ ሳይቀር "ነበርኩ" ይላል፤ አፋጥጠህ ስትይዘው "በእናቴ ሆድ" ብሎ ያስተካክላል። እናትየው ስትጠየቅ ያን ቀን ልብስ ስታጥብ ነበር።

ሌላ ቦታ ቢሆን ሰገነት ሲነቃነቅ ግንበኛ ይጠራል። እኛ አጨበጨብን። ማጨብጨቡም አልበቃን፤ ልማድ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ኮንሰርት ጥሩ ነበር የሚባለው ሰገነቱ ሲጨፍር ብቻ ነው። ዘፋኙ እንደ መልአክ ቢያዜም፣ ሰገነቱ ካልተወዛወዘ "ቀዝቃዛ ነበር" ብለን እያዛጋን እንወጣለን። የላይኛው ትኬት የደረሰው ሁሉ አስቀድሞ ጫማውን ይዞ ወደ ምስክሩ ይሮጣል፤ ሲረግጥ ድምፁ እንዲጎላ ታኮው ላይ ብረት እንዲመታለት። ምስክሩ ይመታል። እየመታ ያወራል። ያወራው ብረት ያስመታል፤ ብረቱ ያስረግጣል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ የትም የለም።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ወደ ሱቁ መጣ። ሽቶው ቀድሞት ገባ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ተከተለ። የምስክሩ ሴት ልጅ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ ለአባቷ ምሳ ይዛ እዚያው ቆማ ነበር።

"ጋሼ ምስክሩ፣ የምሥራች!" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ዘፋኙ ሊመለስ ነው። ያው አዳራሽ፣ ያው ዘፈን! መብራቱን ራሳችን እናጠፋዋለን።"

"ራሳችሁ?"

"ሁሉም እንደዚያን ቀን መሆን አለበት። እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ታሪኩን ይናገራሉ። ጨርሰው እጅዎን ሲያነሡ መብራት ይጠፋል፣ ሰገነቱ በሙሉ ይረግጣል።"

"በሙሉ?" አለ ምስክሩ። ሚስማሩን ሊውጠው ምንም አልቀረውም።

"በሙሉ እንጂ! እንዲያውም ወንበሮቹን ነቅለናቸዋል። ሰው ቆሞ ስለሚረግጥ አሁን እጥፉን ይይዛል። ለቤተሰብዎ ደግሞ ቦታ ይዘናል፤ ከሁሉም ፊት፣ መደገፊያው ብረት ላይ።"

ልጅቷ የምሳ ዕቃውን ደረቷ ላይ አቅፋ ዘለለች። "አባዬ! አባዬ፣ ሰማህ? ቀዩን ጫማዬን ብረት ትመታልኛለህ!"

አባቷ "እሺ የኔ እናት" አለ። ድምፁ ግን ከጫማ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ አሁን ሚስጥር አይደለምና። ምስክሩ ያን ኮንሰርት አልጨረሰውም። እርግጥ ሰገነቱ ላይ ነበር፤ ሰገነቱ ከግድግዳው ጋር በሚጋጠምበት ጥግ፣ በአዲስ ጫማ ቆሞ። ሕዝቡ መርገጥ ሲጀምር እግሩ ሥር አንድ ነገር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማው። ጨለማ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳበሰ። ወለሉ ከግድግዳው ይለቃል፣ ይመለሳል፤ ይለቃል፣ ይመለሳል፤ እንደሚያኝክ አፍ። እጁን ሲያወጣ ታኮው ገባ። መጋጠሚያው ተመልሶ ሲዘጋ ታኮውን ነክሶ አስቀረው። ሰውዬው ታግሎ ጫማውን አላቀቀ፣ በሰው ትከሻ ላይ ተሻግሮ ደረጃውን ወረደ፣ መንገድ ላይ ወጥቶ በአንድ ታኮ እያነከሰ ቆመ። የቀረውን ዘፈን የሰማው በግድግዳ በኩል ነው። ሕዝቡ በላብ ርሶ ሲወጣ "ሰገነቱ ጨፈረ! ዘፋኙ አለቀሰ!" አሉት። እሱም አፉን ከፍቶ "አዎ ጨፈረ" አለ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሱ ግን እያደር ከበደ፤ ምክንያቱም ብቻውን አልተሸከመውም፣ ከተማው በሙሉ ወጣበት።

ሥራ አስኪያጁ በሄደ ማግስት ምስክሩ ሱቁን ዘግቶ ወደ አዳራሹ ሄደ። በጠራራ ቀን፣ ባዶውን ሰገነት ወጣ። አዲስ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ግድግዳው እንደ ሙሽራ ተቀብቷል። እዚያ ጥግ ሄዶ ተንበረከከና ምንጣፉን ገለጠ። ታኮው አለ። አቧራ ለብሶ፣ ቆዳው ደርቆ፣ ያኔ የነከሰው መጋጠሚያ ውስጥ ቆሟል። ያን ጊዜ መጋጠሚያው ከጫማው ቦጭቆ ያስቀረውን ታኮ ምስክሩ በሁለት ጣቱ ያዘው። ጎተተው። ያለ ምንም ትግል፣ ከኪስ እንደሚወጣ ሳንቲም፣ ወጣለት።

ከዚያ ታኮው በነበረበት በኩል እጁን ሰደደ። እስከ አንጓው ገባ። ከታች ቀዝቃዛ ነፋስ ጣቶቹን ላሳቸው።

ታኮውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወረደ። ሁሉንም ነገረው፤ መሸሹንም፣ መንገድ ላይ መቆሙንም፣ አሁን እጁ መግባቱንም። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና ጠረጴዛውን በጥፊ መታ።

"ጋሼ ምስክሩ! ይኼን እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው? ይኼ እኮ ከሁሉም ይበልጣል! ሰገነቱ የነከሰው ታኮ! መድረክ ላይ ይዘውት ይወጣሉ።"

"ጌታዬ፣ እኔ ተረት አይደለም የምነግርዎት። ለቋል ነው የምልዎት።"

"እሱን ቀለም ቀብተነዋል።"

"ቀለም ሰው ይይዛል?"

"እርስዎ ደግሞ! ሃያ ዓመት ሙሉ ጨፈረ፣ ጨፈረ ሲሉን ኖረው አሁን ወደቀ ሊሉን ነው?" አለና ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች። ምስክሩም፣ አፉ ልማድ ሆኖበት፣ ትንሽ ሳቀ። ኋላ ሲናገር ከሁሉም የቆጨው ያች ሳቁ ናት።

ማታ ቤት ገብቶ ታኮውን ገበታው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠው። ሚስቱ አየችው፣ ምንም አልገረማትም።

"ተገኘ?" አለች።

"ታውቂ ነበር እንዴ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ያን ቀን እንደ ተመታ ፍየል እያነከስክ የመጣኸው ወደ ማን ቤት ነው? ሆድ ይፍጀው ብዬ እንጂ። ሰው ሁሉ በባሌ ሲኮራ እኔ ባሌን ላዋርድ?"

ልጅቷ ከሁለቱ መካከል ታኮውን አንሥታ አገላበጠችው። "እና አባዬ፣ ጀልባው?"

"ጀልባውን ... ሲወጡ ሲያወሩ ሰማኋቸው።"

"ዘፋኙ ያለቀሰውስ?"

"እሱንም።"

ታኮውን በመዳፏ ጨበጠችው። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። "ትንሽ ሆኜ ሲያተኩሰኝ ግንባሬ ላይ እጅህን አድርገህ የምትነግረኝ እሱን ነበር" አለች በመጨረሻ። "መድኃኒት ቤት ለሚመጣው ሁሉ አባቴ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት።"

"ልጄ፣ ስደቢኝ፤ ግን ቅሪ። እጄ ገባ እኮ! እስከዚህ!" አንጓውን አሳያት።

"ያኔም ፈርተህ ነው የወጣኸው፤ ሰገነቱ ወደቀ?"

"አልወደቀም።"

"እኔ እሄዳለሁ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ እስከ መጨረሻው ይስማው።" ታኮውን ቦታው መልሳ እጇን ታጠበች።

እንግዲህ ልብ በል። ሰውዬው ሃያ ዓመት ሲዋሽ ያላመነው አልነበረም፤ አንድ ቀን እውነት ቢናገር የሚያምነው ጠፋ። ጎረቤቱ "ቀናበት" አለ። አንዱ "ዘፋኙ ከሱ በላይ እንዳይወራለት ፈርቶ ነው" አለ። ሌላው ብልህ ነኝ ባይ ደግሞ "ማስታወቂያ ነው፤ ትኬት እንዲሸጥ" ብሎ ለራሱ ሁለት ተጨማሪ ትኬት ገዛ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ የኛ በሬ ግን ገደሉን አይቶ የፊት ረድፍ ቦታ የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ምስክሩ አፉ ቢከዳው ወደ እጁ ዞረ። ብረት ምታልኝ ብሎ ጫማ ላመጣ ሁሉ በብረቱ ፈንታ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ ይለጥፍለት ጀመር። አንድ ሹፌር ጫማውን ለብሶ ሱቁ በር ላይ ረገጠ፤ ድምፅ የለም። ደግሞ ረገጠ።

"ጋሼ ምስክሩ፣ ይኼ እኮ እንደ ድመት ነው የሚያስኬደኝ!"

"ድመት ከፎቅ ብትወድቅ በእግሯ ታርፋለች። አንተስ በምንህ ልታርፍ ነው?"

ሹፌሩ ስቆ ጫማውን አወለቀና መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። እዚያ ማዶ ሌላ ጫማ ሰፊ አለ፤ "ብረት እንመታለን" የሚል ካርቶን በሩ ላይ የለጠፈ። በሳምንቱ ውስጥ ሰልፉ ከምስክሩ በር ተነሥቶ ማዶ ተተከለ። መዶሻው ከጠዋት ጀምሮ ይሰማል። ምስክሩ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጠዋል።

እንደገና ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄዶ "መድረክ ላይ እወጣለሁ፤ እጄን ግን አላነሣም" አለው።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። "ችግር የለም ጋሼ፤ እርስዎ ዐረፍ ይበሉ። ምስክር ሞልቷል።"

እውነቱን ነው፤ ሞልቷል።

ቀድሞ አልነገርኩህም፤ የምስክሩ ሱቅ ያለችበት ደረጃ ወደ ራሱ ቤት የሚያወጣው ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሚወጣና የሚወርደው ሁሉ በራሱ ላይ ሲረግጥ ኖሯል፤ ማን እንደሆነ በታኮው ያውቀዋል። የሚስቱ ይጎተታል። የልጁ ቀላል ነው፣ ሁለት ሁለቱን ትዘላለች። ትናንት አመሻሽ ላይ አምፖሉን አብርቶ እንደ ተቀመጠ ከራሱ በላይ የማያውቀው እርምጃ ሰማ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ብረት ነው። እንግዳ መጣ ብሎ ቀና አለ። እርምጃው ሁለት ሁለቱን ዘለለ። ከጣሪያው ትንሽ አቧራ ረግፎ ጉልበቱ ላይ ዐረፈ፤ አላራገፈውም።

ኮንሰርቱ የፊታችን ቅዳሜ ነው። አንባቢ ሆይ፣ የላይኛው ትኬት ኪስህ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ በዚህ ከተማ የሌለው ማን አለ? አትሂድ አልልህም፤ ያ ሰውዬ በልጁ ላይ ያልቻለውን እኔ በወረቀት አልችለውም። ስትገባ ግን ወደ ፊት ተመልከት። መደገፊያውን ብረት የያዘች ባለ ቀይ ጫማ ልጅ ታያለህ። መብራቱ ሲጠፋ፣ መድረኩ ላይ የአንዱ እጅ ሲነሣ፣ በግራም በቀኝም ያለው ሰው ሁሉ እግሩን ሲያነሣ፣ እባክህ፣ አንተ እንኳ ያንተን እግር ...