የምኩራብ ዜማና የአባቴ ሰላምታ

አባቴ ላሊበላ የዜማ መምህር ነው። ለጉሮሮው ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝለት ሐኪሙ “ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል” አለው። ከቀጠሮው በፊት ጾመ ድጓውን፣ የዐቢይ ጾም ሳምንታቱን ዜማ፣ ቀድተን ልናስቀር ተስማማን። እኔ የምኖረው ፍላቂት ነው፤ እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ንካ ሲባል የሚፋጅ ድስት እንደነካ እጁን ይሰበስባል። እናቴ ማብራቱን ተማረች፤ የመቅጃውን ፕሮግራም እኔ ከፍላቂት ሆኜ በርቀት አዘው ጀመር። የሚታየኝ ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ድምፅ አይመጣልኝም። አረንጓዴው መስመር ከፍ ዝቅ ሲል እያዜመ ነው ብዬ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

ቀጠሮው ነገ ሊሆን ኮምፒውተሩ ሞልቻለሁ ብሎ አሻፈረኝ አለ። ቤት ያለውን ፍላሽ ቀድመን ጠቅጥቀነዋል፤ የሆሳዕናው ዜማ ደግሞ ገና ነው። የሚጠፋ ልምረጥ ብዬ ከአሮጌዎቹ ቅጂዎች አንዱን በዚያ በሚያነክስ ኔትወርክ ወደ ስልኬ ሳብኩና ከፈትኩት።

ምን ዜማ አለ! የስክሪኑ ቀስት ብቻዋን ስትንቀሳቀስ ሲያይ አባቴ እኔ ቤት የገባሁ መስሎታል። ሰላምታ ሳይመለስለት ደግሞ ሥራ አይጀምርም። “እንደምን ዋልሽ ልጄ? ባለቤትሽ ደህና? አማቶችሽ? ገብሱስ እንዴት ያዘ?” ይላል። ከዚያ ዝም። መልሴን ይጠብቃል። “ሥራ ይዛ ይሆናል” ይላል ለእናቴ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ከአማቶቼ ይጀምራል። ቅጂው በዚሁ አለቀ።

ተናደድኩ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እናም በሰላምታው ፈንታ የሦስተኛውን ሳምንት፣ የምኩራብን ዜማ አጠፋሁት። ምኩራብን የሚያዜም ሊቅ ላስታ ሞልቷል፤ አማቶቼን እንደሱ የሚጠይቅልኝ ግን የለም። ሆሳዕናው በተገኘው ቦታ ተቀዳ።

ከሕክምናው ሲመለስ ልጠይቀው ላሊበላ ሄድኩ። ሐኪሙ እንዳለው ድምፁ ሄዷል፤ የቀረችው ሹክሹክታ ናት።

“ለሆሳዕናው ቦታ ብለሽ የቱን አጠፋሽ?” አለኝ።

“ምኩራብን፣ አባባ። ሰላምታዎን ላስቀር ብዬ ነው።”

“ሰይጣን ነው የመከረሽ!” በሹክሹክታ መቆጣት እንዴት እንደሚያደክም ያን ቀን አየሁ። “ሰላምታ ምን ይረባል?”

ክርክሩን ትቼ ያን ቅጂ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ዝምታውን ሳይቀር።

“ይሄ ሰውዬ” አለ ወደ እናቴ ዞሮ፣ “ልጁን ይወዳታል።”