አተላ የሚደፋበት ቦታ

ጎረቤቴ ጠላ ሻጭ ናት፤ ጋኗን አጥባ አተላውን ስታወጣ ያ ጎምዛዛ የጌሾና የተቆላ ገብስ ሽታ በአጥሩ ሾልኮ ይገባል፣ እኔም የማነበውን መጽሐፍ ከድኜ፣ ሳልወድ፣ ታች ጋይንት ወደ ነበረው ጓሯችን እመለሳለሁ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ጠላ እየጠመቀች፣ በአህያ ጭና አርብ ገበያ ወስዳ ትሸጥ ነበር። አተላው የዶሮዎች ነበር፣ በቅል ቀድቶ ማብላቱ ደግሞ የእኔ። ዶሮዎቹ ጠግበው ሲንገዳገዱ፣ ቀዩ አውራ የገዛ ጥላውን ሲወጋ እያየሁ እስቅ ነበር። ስካር አውራ ዶሮን ክፉ ያደርገዋል፤ የአንዲት ቄብ ዓይን አንድ ጊዜ ጠንቁሎ አፍስሷል።

ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ መኸር ሲገባ፣ ታጣቂዎች ወጣት ለጦርነት ማፈስ ጀመሩ። ወንድሜ አየልኝ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ዜማ ይማር ነበር፤ ሁለት ጓደኞቹ መንገድ ላይ በገመድ ተጠፍረው፣ በሰደፍ እየተመቱ ሲነዱ እርሱ በገደል ወርዶ አምልጦ፣ እግሩ ተልጦ ቤት ደረሰ። እናቴ ጓሮ በነበረው አሮጌ የእህል ጉድጓድ ደብቃው፣ መተንፈሻ ትታ ሳንቃ አጋድማ፣ አፈር መለሰችበት። ለጠየቃት ሁሉ «ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል» ትል ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ በልቶ ይመለሳል፤ ሲነጋ እኔ አተላውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ እደፋለሁ፣ ዶሮዎቹም እየጫሩ የእግሩን ዱካና የተነካካውን አፈር ያጠፉታል።

«ሌላ ቦታ የደፋሽ ቀን ገደልሽው ማለት ነው» ትለኝ ነበር እናቴ።

ጥር አልፎ የካቲት እስኪያልቅ አንድም ቀን አላጓደልሁም። ዶሮዎቹ ሲጭሩ ከሥራቸው ዜማውን ሲያንጎራጉር እሰማው ነበር፤ «ታንጉት፣ እነዚህ ሰካራሞችሽ ጣራዬን ሊያፈርሱት ነው» ሲለኝ አፌን በነጠላዬ አፍኜ እስቃለሁ።

በዐቢይ ጾም ዶሮ ስለማይታረድ የየቤቱ አውራ ይጠግባል፣ ልጆችም ያዋጋሉ። አንድ ጠዋት እናቴ ውኃ እንደ ወረደች፣ አተላውን ገና ጓሮ ሳልደፋ፣ የጎረቤታችን የአያ ደረሰ ልጅ ጥሩዬ ነጭ አውራቸውን ታቅፋ ደጃችን መጣች።

«የእናንተ እንኳ ሴት ነው አሉ። ዕንቁላል ይጥላል?»

«ቆይ፣ አሳይሻለሁ!»

ወፍራም ወፍራሙን አተላ በቅል ሞልቼ ደጅ ላይ ደፋሁት። ዶሮዎቹ ሁሉ ከጓሮ ተግተልትለው መጡ፣ ቀዩም እስኪበቃው በልቶ፣ አንገቱን ነፍቶ ተነሣ። የነጩን አናት ነክሶ ከመሬት ጋር አላተመው፣ ጉሮሮውን በጥፍሩ ዘነጠለው፣ ደሙ እግሬ ላይ ተረጨ፤ እኔም «በለው! ግደለው!» እያልሁ እጮኽ ነበር።

ጩኸቱን ሰምቶ አያ ደረሰ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጣ። እርሱም ታጣቂ ነበር፣ የእናቴን ጠላ ጠጥቶ የሚመርቅ። የሞተ ዶሮውን አይቶ ቀዩን በሰደፍ ጨፈለቀውና፣ ለካሳ ሌላ ሊይዝ ወደ ጓሮ ዞረ። ጓሮው ውስጥ አንድም ዶሮ አልነበረም። ያልተጫረው አፈር ላይ የወንድ እግር ዱካ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

«ወንድ በሌለበት ቤት ይህ የማን እግር ነው?»

እናቴ እንስራዋን እንዳዘለች ደረሰች። አያ ደረሰ ሆዷን በሰደፍ ሲላት ወደ ኋላ ወደቀች፣ እንስራው ከሥሯ ተንኮታኮተ።

«አያ ደረሰ፣ ስለ እመብርሃን! ልጆቻችን አብረው ያደጉ!»

ደገማት። ሊሠልስ ሰደፉን ሲያነሣ አፈሩ ተናደ፣ ሳንቃው ተገለበጠ።

«ተዋት! ይኸው አለሁ!»

ሦስቱም ተረባረቡበት። ፊቱን በሰደፍ መቱት፣ ሁለት ጥርሱ አፈር ላይ ወደቀ፣ እጁን በእኛው የበሬ ጠፍር የኋሊት አሰሩት። በእኔ በኩል ሲያልፍ ደሙን ተፍቶ፣ ቀስ ብሎ «ማን አሸነፈ?» አለኝ። ከጉድጓዱ ሆኖ ጩኸቴን ሰምቷል።

ደብዳቤ ቢልክ ለእናቴ ላነብላት ብዬ በዐሥራ አምስት ዓመቴ ትምህርት ቤት ገባሁ። ደብዳቤ አልመጣም፣ እርሱም አልመጣም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ቀን አተላውን ለምን ደጅ እንዳወጣሁት አልጠየቀችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጎረቤቴ አተላዋን በባልዲ ትሰጠኛለች፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ለዶሮዎቼ ጓሮ ውስጥ እደፋላቸዋለሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ስንዝር ሳልስት። እየተንገዳገዱ ሲጭሩ ቆሜ አያለሁ። አፈሩ ከሥሩ ድፍን ነው፣ የሚያንጎራጉር የለበትም።