የአባቴ እጅ እና የአቀስታው መላጊያ

አንድ ድምፅ ሰምታችሁ፣ ምን እንደሆነ ገና ሳታውቁት እጃችሁን ሰብስባችሁ ብብታችሁ ውስጥ ከታችሁ ታውቃላችሁ? የማስተምርበት ክፍል ከወፍጮ ቤት ጀርባ ስለሆነ፣ ወፍጮው እያጓራ በተነሳ ቁጥር ጠመኔዬን ጥዬ እጆቼን እሰበስባለሁ፤ ተማሪዎቼም «ቲቸር በረዳት» እያሉ ይስቃሉ። በርዶኝ ግን አይደለም። ያ ድምፅ መካነ ሰላም ከተማ ወዳለው የልጅነት ግቢያችን ስለሚመልሰኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዝናቡ ባባራ በጥቅምት ነበር። አባቴ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። አያቴ በጓሯችን የተከሏቸውን የፈረንጅ ጥዶች አስቆርጦ፣ ግንዱን ቆጥ ላይ አጋድሞ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በሚስቡት ረጅም መጋዝ አስተርትሮ ለቤታችን ወለል የሚሆን ጣውላ ካደረገው በኋላ፣ በየመሃሉ ስስ እንጨት እያስገባ ደርድሮ ጥላ ሥር አደረቀው። እርጥብ ጣውላ ወለል ላይ ከተመታ ሲደርቅ ይኮማተርና አይጥ የሚያሳልፍ ክፍተት ይከፍታል፤ ስለዚህ መታገሥ ግድ ነበር። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ሐያት ያገለገለ የመላጊያ ማሽን መግዣ ልካ ነበር። እናቴ «ማሽኑ ከሠራ ሐያት ትመጣለች» ትል ስለነበር፣ እኔም ጣውላው ቶሎ እንዲደርቅ በየሶላቱ እለምን ነበር።

ማሽኑ በጥር ከአቀስታ ከተማ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ከሸጠልን ሰው ጋር መጣ። ሰውየው ሰላም ሲለን፣ እጁ የቆሸሸ ሰው እንደሚያደርገው የእጁን አንጓ ዘረጋልን፤ ቅባት ነክቶት መስሎኝ ዝቅ ብዬ ባይ፣ ከአውራ ጣቱ በቀር ጣት አልነበረውም።

«ማሽኑ ነው?» አለው አባቴ።

«ማሽኑ ምን ያድርግ፣ ቸኩዬ ነው» አለና ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እጁን ወደ ትሪው በዘረጋ ቁጥር ጣቶቹን በዓይኔ እቆጥር ነበር። እናቴ «ብይ እንጂ» ስትለኝ ቆጠራዬን እንደገና ከአንድ እጀምር ነበር።

አባቴ የካቲትን ሙሉ ሲያስተካክለው ከረመ። ሲሚንቶ አስፈስሶ፣ በብሎን አስሮ፣ በውሃ ልክ እየለካ፣ ከእግሩ ሥር ስስ ብረት እያስገባ አቃናው፤ ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ ጣውላው ሞገድ ይዞ ይወጣልና። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጣውላው በአንድ ወገን ሲገባ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ የሚሽከረከሩ ቢላዎች ይልጉትና፣ በአንዱ ጠርዙ ምላስ፣ በሌላው ቦይ አውጥተው ያሳልፉታል፤ የአንዱ ምላስ በሌላው ቦይ ሲገባ ወለሉ ይያያዛል። ቢላዎቹ እኩል ካልወጡ ግን ምላሱ ቦዩን አይመጥንም። እኩል ለማድረግ ክንድን ማሽኑ ሆድ ውስጥ ከትቶ፣ ብሎኑን አላልቶ፣ ስለቱን በጣት እየዳሰሱ መግፋት ያስፈልጋል። እኔ የምፈራው ይህን ነበር። የአባቴ ክንድ ወደዚያ ጨለማ ሲገባ፣ እስኪወጣ ድረስ የራሴን እጆች ብብቴ ውስጥ ከትቼ እጠብቅ ነበር።

በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይመላለስ ጀመር። በእኛ አገር መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን የሚነካ የለም፤ መምጣቱን የሚነግረን እሱ ስለሆነ አምፖሉም ራዲዮኑም እንደተከፈተ ይተዋል። አባቴም እንደ ሁላችን ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጣውላ እየላገ ሳለ መብራት ጠፋና ቢላዎቹ እያቃሰቱ ቆሙ። «እስኪመጣ ቢላውን ላስተካክል» አለ፤ ማብሪያውን እንደበራ ትቶ ክንዱን ከተተ።

ይሄኔ ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ክርስቲያን ቢሆኑም እንደ እኛው «አሰላሙ አለይኩም» ባይ ነበሩ፤ የሰላምታቸው ርዝመት ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ለእርሳቸው ሳይነሱ፣ ሁለት እጅ ሳይሰጡ ሰላም ማለት ነውር ነው። አባቴ መፍቻውን እዚያው ትቶ፣ እያጉረመረመ ክንዱን አወጣና፣ ወደ ደጃፉ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም እጆቹን ሰጣቸው።

«ሰላም ነህ ወይ ሙሄ? ልጆቹ? ከብቱ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እማማ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

«ሐያትስ ደወለች?»

«ደህና ናት» አለና እጁን ሳብ አደረገ።

«ምን ያስቸኩልሃል? ብረት እንደሁ እግር የለው» ብለው ጠበቅ አድርገው ያዙት።

መብራቱ መጥቶ ማሽኑ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። በድንገት አጓራ፤ ውስጡ የቀረው መፍቻ ተስፈንጥሮ የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። አባቴ እጁ በእማማ ጥሩ እጅ ውስጥ እንዳለ ዞሮ አየውና መሬት ላይ ቁጭ አለ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጥታ አጠፋችው።

«ሰላምታዬ የሰለቸው አንተን ብቻ መስሎኝ፤ ለካ ብረቱንም ኖሯል» አሉ እማማ ጥሩ። የሳቀ አልነበረም። እርሳቸውም የአባቴን እጅ ገና አልለቀቁም ነበር።

አባቴ ወደ ማሽኑ ሳይቀርብ ሰነበተ። ሲመለስ፣ ክንዱን ከማስገባቱ በፊት የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቅሎ ጫፉን ፊት ለፊቱ ያስቀምጥ ነበር። ክረምቱን ሙሉ እማማ ጥሩ በደጃፉ ባለፉ ቁጥር «ነቅለሃል?» ይሉታል፤ «ነቅያለሁ» ሲላቸው «አሳየኝ» ይሉና፣ የገመዱን ጫፍ ብድግ አድርጎ ካላሳያቸው አያልፉም ነበር። ወለሉ ተሠራ፣ ሌሎች ቤቶችም ተከተሉ፣ ከዓመታት በኋላ ሐያትም ተመለሰች። የእኔ ፍርሃት ግን አብሮኝ አደገ።

ዛሬ አባቴ ሸምግሏል፤ ሻይ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቹ ግን ሁሉም አሉ። እማማ ጥሩ አልፈዋል። ያኔ ሰው ሥራውን አስቁሞ እጃችንን እስኪበቃው ይዞ ያቆየን ነበር፤ አሁን ከባጃጅ ላይ እጅ እያወዛወዝን እንተላለፋለን፤ ስለዚህ በሰዓቱ ደርሶ የሚይዘን ሰው ይኖራል ብዬ አልተማመንም። እናንተም ዛሬ ማታ መብራት ቢጠፋባችሁ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ቤቱን ዙሩና፣ ለምልክት አንድ አምፖል ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ሁሉ ንቀሉ። መብራቱ መጥቶ ከአምፖሉ በቀር ምንም ሳይነሳ ሲቀር ያለውን ዝምታ አንድ ጊዜ ሞክሩት።