ኦኑፍሪ የነፋው የሰርግ ዜማ

ኦኑፍሪ መጀመሪያ ለኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት፣ ኋላ ደግሞ ዓመት ላልሞላት የምዕራብ ዩክሬን ሪፐብሊክ ጡሩምባ ነፊ ነበር። በዚያ ሰኔ የሪፐብሊኳ ጦር ጥይት ቢያልቅበትም የፖላንድን ጦር እያባረረ የኦኑፍሪ መንደር አፋፍ ደረሰ። እሱን የጨነቀው ግን ሌላ ነበር፤ የሚወዳት ዬቭዶኻ አግብታ ይሆን?

መቶ አለቃው «ንፋ!» ሲለው የግስጋሴው ዜማ ከአእምሮው ጠፋና ሙሽራ ሲመጣ የሚነፋውን ነፋው።

ልጃገረዶቹ ዜማውን እንደሰሙ እየሮጡ ወጥተው፣ ለሰርግ እንደሚያደርጉት ሁሉ መንገዱን በአጠናና በቀይ ጥብጣብ ዘጉት። አጃቢ መማለጃ ሳይሰጥ አያልፍማ! ጦሩ ቀጥ አለ።

«እናንተ ልጆች፣ እኛ እኮ ጦር ነን!» አለ መቶ አለቃው።

«ጦርም ብትሆኑ ሳትሰጡን አታልፏትም!» አለች አጠናውን የያዘችው። ዬቭዶኻ ነበረች፤ ጸጉሯ እንደ ልጃገረድ ተጎንጉኗል፣ የባለትዳር ሻሽም አላሰረችም። ኦኑፍሪን መሬት አልበቃው አለ።

«ጥይት እንኳ የለን፣ እህቴ» አለ መቶ አለቃው።

«ታዲያ ያንን ጡሩምባ ነፊ ስጡና!»

መቶ አለቃው ዞር ብሎ ኦኑፍሪን አየው፤ የኦኑፍሪ ፊት እንደ ጥብጣቡ ቀልቷል።

«ውሰጂው! ግን እስከ ነገ ጠዋት ብቻ!»

አጠናው ተነሳ፤ ጦሩም እየሳቀ አለፈ።