የሉሴሊ ቀይ ሞተርና የላ ፋልዳ ዳገት

በሳንታ ብሪሂዳ ሉሴሊ ማሩላንዳ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማ ሰው የለም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የበቆሎ ቂጣዋን የሸጠችው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። ቄሱ ቅዳሴ ላይ እያሉ «ትኩስ አለ» ተብሎ አይጮኽም፤ ስለዚህ በሹክሹክታ መሸጥ ለመደች። ሰው ጆሮውን አስጠግቶ ይገዛል። ቤቷ ገብታም ድመቷን የምትቆጣው በሹክሹክታ ነው፤ ድመቷ ደግሞ የልብ ልብ ተሰምቷታል።

ታዲያ ቄሱ ለጣሪያ ማደሻ ብለው ሎተሪ አወጡ። አንደኛው ዕጣ ሞተር ሳይክል ነበር፣ መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ ለለማጅ ተብላ የተሠራች የእሽቅድምድም ዘር። ሉሴሊ ዓይኗን የጣለችው ሁለተኛው ዕጣ ላይ፣ የበቆሎ መፍጫው ላይ ነበር። ወጣላት የተባለው ግን ሞተሩ ሆነ። አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። እሷም በትሕትና ልትመልሰውና በመፍጫው ለውጡኝ ልትል ወደ መድረኩ ወጣች።

የሞተሩ መሸፈኛ ሸራ ሲገፈፍ ግን የመጣችበትን ረሳች።

ቀይ ናት። ወገቧ የተርብ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት ያነጣጠረ፣ ኋላዋ ወደ ሰማይ የተነሳ። ቆማ እያለች የምትሄድ ትመስላለች። ከተማው ውስጥ ያሉት ሞተሮች ሁሉ የወተት በርሜልና የሙዝ ዘለላ የሚሸከሙ፣ በቅሎ ጎማ ቢገጠምላት የምትመስለውን የሚመስሉ ናቸው። ይቺ ግን ምንም ልትሸከም አልተፈጠረችም። ሉሴሊ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደምትዳስስ ሁሉ በእጇ ጀርባ የቤንዚን ታንኩን ነካችና፣

«ይቺን የሠራ ሰው» አለች ለቄሱ በሹክሹክታ፣ «እናቱ ሥራውን አይታለታለች?»

መፍጫው የፋርማሲስቱ ሚስት ሆነ። ሉሴሊ አላዘነችም።

ታናሽ ወንድሟ አርሄሚሮ ወተት አመላላሽ ነው። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ጠብቆ ያዛት።

«ሉሴ፣ በሃምሳ አራት ዓመትሽ እንደ እንቁራሪት ተደፍተሽ ልትነጂ ነው?»

«እንቁራሪት ምን አደረገችህ?»

«ለኔ ስጪኝ ነው የምልሽ። ገበያ አደርስሻለሁ፣ እመልስሻለሁ።»

«ሳልሞክራትማ አልሰጥም።»

«ወድቀሽ ከተሰበረች በኋላ ምኗን ልወስድ?»

ብዙ ተባባሉ፤ እሱ እየጮኸ፣ እሷ እያንሾካሾከች። በመጨረሻም ተስማሙ። የነጂዎች ጠባቂ በምትባለው በካርሜን እመቤት በዓል ቀን የላ ፋልዳን ዳገት ያለ ማንም ግፊያ ወጥታ ቤተ ክርስቲያኑ በር ከደረሰች ሞተሯ የእሷ ናት። የሰው እጅ ከነካት የአርሄሚሮ ትሆናለች። ይህን የተባባሉት ዳቦ ቤት በር ላይ ስለሆነ፣ ምሳ ሳይደርስ ያልሰማው ደንቆሮው ሰዓት ሠሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ሚስቱ በምልክት ነገረችው።

ላ ፋልዳ ላይ ብርቱካን የወደቀበት ሰው ወርዶ አይፈልግም፤ ወንዙ ዳር ያሉት ልጠው ጨርሰውታል።

ለማጆችን የሚያስተምረው መካኒኩ ኔፍታሊ ነው፤ ማስተማሪያ ሜዳው የከብት ገበያው፣ ገበያ በሌለበት ቀን። እበት ላይ መውደቅ ሲሚንቶ ላይ ከመውደቅ ይሻላል ባይ ነው። ሉሴሊም ብዙ ጊዜ ተሻላት። ማርሽ መቀየር ቶሎ ገባት፤ መዞርም ቻለች። አንድ ነገር ግን እምቢ አላት።

«ዶኛ ሉሴሊ፣ ነዳጅ ይስጧት» ይላታል ኔፍታሊ።

«ሰጠኋትኮ ልጄ።»

«ይሄ መስጠት ነው? የወንድምዎ ሞተር ዝቅ ብላ እያጉረመረመች ዳገት ትወጣለች። ይቺ ደረቷ ጠባብ ነው፤ ካልጮኸች ጉልበት የላትም። ያስጩኋትና በግራ እጅዎ የያዙትን ፍሪሲዮን ቀስ ብለው ይልቀቁ።»

«ሰው ይረበሻል።»

«ላም ነው ያለው ዶኛ።»

«ላሞቹስ?»

የበዓሉ ቀን ደረሰ። የከተማው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ የእመቤታችን ሐውልት በስምንት ሰው ትከሻ ከፊት ትሄዳለች፤ በዓመቱ መንዳት የጀመሩ ለማጆች ከጀርባዋ ይሰለፋሉ፤ ነባሮቹ ከነሱ ኋላ። እመቤታችን ስታርፍ ሁሉም ሞተሩን አጥፍቶ ጸሎት ያደርሳል። የምታርፈውም በየዓመቱ ፋርማሲው ጋ፣ መንገዱ ለጥ ባለበት ነው።

ችግሩ፣ ከስምንቱ ተሸካሚዎች አንዱ አርሄሚሮ ነበር።

ፋርማሲው ሲደርሱ አርሄሚሮ እርምጃውን ስላፈጠነ ማንም አላረፈም። የላ ፋልዳ ወገብ ላይ፣ ድመት እንኳን ጥፍሯን አውጥታ በምትራመድበት ቦታ፣ አርሄሚሮ ሳል ያዘው። እንዲያ ያለ ሳል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሰማም። «ትከሻዬን» አለና ጎንበስ አለ። እመቤታችን በድጋፎቿ ላይ ቆመች፤ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ጸሎት ተጀመረ።

ሉሴሊ ቀኝ እግሯን ፍሬኑ ላይ፣ ግራውን መሬት ላይ አድርጋ ቆመች። ከንፈሯ ይጸልያል፣ ልቧ ዳገቱን ይለካል። ጸሎቱ አልቆ ተሸካሚዎቹ ሲነሱ አስነሳችና ነዳጅ ሰጠች፤ እንደ ልማዷ፣ ቅዱሳኑን እንዳታስቀይም፣ በሹክሹክታ። ሞተሯ አንድ ጊዜ አቃስታ ጠፋች። ጎማው ወደ ኋላ አንድ ክንድ ተንሸራተተ፤ ፍሬኑን ጨብጣ አቆመችው።

ከኋላ ሁለት ወንዶች ሊገፏት ሮጡ። ደግነታቸው ነው። አርሄሚሮም ከመሸከሚያው እንጨት ሥር አንገቱን ጠምዝዞ አየ።

«እንዳትነኳት» አለች። አልሰሟትም፤ በሹክሹክታ ነዋ የተናገረችው። እጃቸው ወንበሩ ጋ ሊደርስ ሲል እንደገና አስነሳች። ፊት ለፊቷ የእመቤታችን ሰማያዊ ካባ ጫፍ ነበር፣ በክንድ ርቀት። «ይቅር በይኝ» አለችና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠች።

የዚያን ጊዜ የወጣውን ድምፅ የሚገልጽ እስካሁን አልተገኘም። መስኮቶች ተንቀጠቀጡ ይላሉ። ደንቆሮው ሰዓት ሠሪ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ ይላሉ፤ ይህንንም የምትለው ሚስቱ ስለሆነች መጠራጠር ይቻላል። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ቀይ ነገር ሆድ እንዴት እንደወጣ ግን ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ይደነቃል። ሊገፉ የመጡት ሁለቱ ወንዶች እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሉሴሊም ግራ እጇን ቀስ፣ ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ጎማው ድንጋዩን ነከሰ። ወጣች።

ተሸካሚዎቹ ምን እንደመጣባቸው አላወቁም፤ ብቻ ሮጡ። አርሄሚሮ ሳሉንም ትከሻውንም ረስቶ ከሁሉ ፊት ይሮጥ ነበር። የካርሜን እመቤት ላ ፋልዳን እንደዚያ ቀን ፈጥና ወጥታው አታውቅም፤ ካባዋ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ከኋላዋ ሉሴሊ በምትጮኸው ሞተሯ ላይ ተደፍታ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ አፏ ተከፍቶ። በየደጁ የቆሙት አሮጊቶች አማተቡ። ለየትኛዋ እንዳማተቡ ራሳቸውም አያውቁም።

በር ላይ ሲደርሱ ቄሱ ጠበል ረጩ። ጠበሉ የሞተሯ የጋለ የጢስ ማውጫ ቱቦ ላይ ወድቆ ችስስ አለ፤ እንፋሎት ወጣ። ማንም አልሳቀም።

አርሄሚሮ እያለከለከ መጣ። ሞተሯን ዞሮ አያት፤ የሰው እጅ አሻራ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«ያንቺ ናት» አለ በመጨረሻ። «አሁን አጥፊያትና ቅዳሴ እንግባ።»

«አላጠፋም።»

«ለምን?»

«ዳግም አልነሳም ብትለኝስ?»

ሰው ሁሉ ገባ። ቅዳሴው ተጀመረ፤ በሩ ክፍት ነበርና ቄሱ ድምፃቸውን ከሞተሯ በላይ አድርገው ቀደሱ። ሉሴሊ ውጭ፣ ሁለት እግሯን መሬት ላይ ተክላ፣ ታንኩን በጉልበቶቿ አቅፋ እስከ ቡራኬው ተቀመጠች። ትንቀጠቀጥ የነበረችው ሞተሯ ናት ትላለች። አጠገቧ የቆመው ኔፍታሊ ግን ሁለቱም ነበሩ ይላል።