ጭስ የሚቆጥበው ኤርቪን

በቴክሳሷ ቬልካ መንደር እንደ ኤርቪን ኮቹሬክ ሰው የሚንቅ አልነበረም። ከሱቅ የተገዛ የሥጋ ማጨሻ፣ ማለትም ሥጋ በጭስና በሙቀት የሚበስልበትን ምድጃ፣ ይንቃል፤ ቆርቆሮው ስስ ነውና። የባሉጥ እንጨት በየሜዳው ወድቆ ሳለ ከሰል የሚገዛውን ይንቃል። ሥጋው ላይ ስጎ የሚያፈሰውንማ ከሰው አይቆጥረውም። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የሚስቱን ወንድም፣ ቆርቆሮ ነጋዴውን ዴልፊንን ነበር።

ኤርቪን ዕድሜውን በቴክሳስ የነዳጅ ጉድጓዶች ቱቦ ሲበይድ ኖሮ ጡረታ በወጣ ጊዜ፣ ከወፍራም የቱቦ ቁራጭ የራሱን ማጨሻ ሠራ። ሰው ተጋድሞ የሚተኛበት ያህል ረጅም ነው። በአንዱ ጫፍ የእሳት ሳጥኑ፣ በሌላው ጫፍ ጭስ ማውጫው። ብየዳው እንደ ጥልፍ ያምራል። የማያምረው ሥጋው ነበር። ከእሳቱ አጠገብ ያለው ፍርምባ ከሰል ይሆናል፤ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ደም እንደቋጠረ ይወጣል፤ የመሐሉም ቢሆን ምላስ ላይ ይመራል። ቤተሰቡ እያላመጠ ዝም ይል ነበር።

ዝምታውን የሰበረችው ልጁ ጆርጂን ናት። ከቅዳሴ መልስ፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ ሹካዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ የሠርጌን ሥጋ ከከተማው ሥጋ ቤት ላዝዝ ነው።»

«የኮቹሬክ ልጅ በሠርጓ ቀን የተገዛ ሥጋ ለዘመድ ልታበላ? አያትሽ ይህን ሳይሰማ መሞቱ በጀው።»

«አያቴ ቢኖር ይህን ሥጋ አይቶ ውሻውን ይጠራ ነበር።»

ዴልፊን ሳቁን በቢራ ዋጠው። ጆርጂን ግን አልሳቀችም። «እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ። ጫፍና ጫፉ አንድ ዓይነት ከበሰለ ያንተን እናበላለን። አለዚያ እደውላለሁ።»

«ወንድሜ ኤርቪን» አለ ዴልፊን፣ «እሳቱ ወደ ሥጋው በሚገባበት አፍ ላይ ዝርግ ብረት ጋደም ብታደርግበት እኮ ሙቀቱ ሥጋውን ፊት ለፊት አይገርፈውም።»

«አንተ ቆርቆሮህን ሽጥ። እሳት የአዋቂ ነው።»

በማግስቱ ኤርቪን ማንም ሳያየው ዝርግ ብረት ቆርጦ አስገባ። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ለራሱም አላመነም። ሚስቱ አልቢና ግን አይታው ኖሮ፣ ሊጥ ያዘለ ትሪ ይዛ መጣች።

«ፍርምባ አታበላሽ። በሊጥ ሞክረው።»

ትንንሽ ሙልሙሎችን በፍርግርጉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ደረደረች። ክዳኑ ሲከፈት በእሳቱ በኩል ያሉት እንደ ድሮው አላረሩም፤ ቡናማ ሆነዋል። በወዲያኛው ጫፍ ያሉት ግን እንደ ሬሳ ነጥተው ጥቀርሻ ጥቀርሻ ይሸታሉ።

«ዱቄትሽ ነው» አለ ኤርቪን።

አልቢና ጭስ ማውጫውን ቀና ብላ አየች። አፉ በአሮጌ የሞራ ጣሳ ክዳን ተከድኗል፤ ጭሱ በጠባብ ስንጥቅ እያቃሰተ ይወጣል።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ጭሱን ይይዛል። አባቴ ጭስ አያባክንም ነበር።»

«ያባትህ እኮ ቋሊማ በጭስ የሚደርቅበት ቤት ነበር። እዚያ እሳቱ ጭል ጭል ይላል፤ ቋሊማው ለሳምንታት ተሰቅሎ ይደርቃል። ያንተ ግን መብሰል አለበት። መውጫ ያጣ ሙቀት ወዴት ይሂድ? ተኮፍሶ እሳቱ ሥር ይቀመጣል፤ ልክ እንዳንተ።»

ኤርቪን መሰላሉን አመጣ፤ ግን ቶሎ አልወጣበትም። ያ የቋሊማ ቤት ትዝ አለው። በክረምት፣ አሳማ በታረደ ማግስት፣ አባቱ ጨለማው ውስጥ ቆሞ «እዚህ ጋ ብርሃን ይታየኛል» ሲል፣ እሱና እኅቶቹ በውጭ በኩል ጭቃና የበቆሎ ገለባ ይዘው ስንጥቁን ለመድፈን ይሽቀዳደማሉ። ጭስ የሚያስወጣ ቤት የሰነፍ ቤት ነበር። አሁን ክዳኑን ቢያነሳ አባቱን በመንደሩ ሁሉ ፊት ሰነፍ ብሎ የሰደበው መሰለው። ጆርጂን ለሥጋ ቤቱ ስትደውል ደግሞ ታየው። ወጣና ክዳኑን ነቅሎ ሣሩ ላይ ወረወረው።

እሳቱ እንደ ሰው ተነፈሰ። ወፍራሙ ነጭ ጭስ እየሳሳ ሄዶ፣ ከሰማዩ የማይለይ ሰማያዊ ክር ሆነ። ሁለተኛው ትሪ ሲወጣ ሙልሙሎቹ ከዳር እስከ ዳር የአንድ እናት ልጆች ይመስሉ ነበር።

«ሲባክን እዪው እንግዲህ» አለ ኤርቪን ጭሱን እያየ።

ቅዳሜ ጆርጂን ከማጨሻው ከሁለቱም ጫፍ ፍርምባ ቆርሳ ቀመሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። አባቷ ቢላዋውን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የጠራውን መልሶ ይጠርጋል።

«የቱ ነው የእሳቱ በኩል?» አለች።

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

«እንጃ። አልለየሁትም።»

«እንግዲያው ለምን ትደውያለሽ?»

«አልደውልም፣ አባዬ።»

ኤርቪን ፊቱን ወደ ማጨሻው አዞረ፤ ለረጅም ጊዜም አልመለሰውም።

ዴልፊን ቅባት የነካ ጣቱን እየላሰ ጠጋ አለ። «ብረቱ ሠራ ማለት ነው?»

«ሙቀቱ አጣሞታል። ከዚህ የወፈረ ያስፈልገዋል፤ ይህንንማ ማንም መካሪ አልነገረኝም።»

«ልክ ነህ።»

«የሠርጉ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ና። እንጨት የሚያቀብለኝ ሰው እፈልጋለሁ። ወሬ ግን አልፈልግም።»

«እሺ» አለ ዴልፊን፣ ሌላ ቁራጭ እያነሳ።

«ያ የእንግዳ ነው። አስቀምጠው።»