በጥርስ የሚያዝ ጭምብል

ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ኖሯል። የግማሹ ሰፈር ፈገግታ የእጁ ሥራ ነው፤ የእሱን ግን ያየ የለም። ሚስቱ ስትሞት አንድ ልጁ ቤቱን ጥላ ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደወለች፤ ናፍቋት እንዳይመስላችሁ፣ ጭምብል ፈልጋ ነው።

ልጅቷ የምትሠራው፣ ሥራ ከተባለ፣ ምድር ቤት ያለ አንድ ጭፈራ ቤት ነው። ጃፓንን ካርታ ላይ አሳዩ ቢባሉ ጣታቸው ባሕር የሚገባ ጎረምሶች የጃፓን ጋኔን ቀንድና ክራንቻ አጥልቀው፣ የመኪና ጎማ ቀድደው ለብሰው ይንጎራደዳሉ። ሰፊው ሕዝብም በጠባብ ደረጃ ወርዶ ያጨበጭባል። የእሷ ድርሻ ነጭ የሴት ፊት ጭምብል አድርጎ አርባ ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ነው። ጥበብ ይሉታል። በእኛ ጊዜ ሰልፍ ይባል ነበር።

ማሰሪያው እንዳይታይ ጭምብሉ ከውስጥ በጥርስ ተነክሶ መያዝ ነበረበት። «አባዬ፣ ይህን ካንተ ሌላ የሚችል የለም» አለችው።

«የልጄን ጥርስ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ!» ብሎ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ያነሳውን የጥርሷን የጄሶ ቅርጽ ከሳጥን አወጣ። ለድድ በሚጠቀምበት ሮዝ ፕላስቲክ መንከሻውን በዚያ ልክ ሠራ። ልትለካ ስትመጣ ቤት ትመለስ እንደሆነ ሊጠይቃት ቆርጧል።

ከሰዓት በኋላ መጣች። ነከሰችው። ጭምብሉ ወደ ግራ ተንጋደደና ወደቀ።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

በግራ በኩል ሁለት መንጋጋ ጥርሶች የሉም።

«መቼ ተነቀሉ?»

«እማዬ የሞተች ሰሞን።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ያኔ ሰው ታናግር ነበር እንዴ?» አለችው፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ መንገደኛ።

የጥርስ ልክ የሚወስድበትን ሊጥ በጥብጦ አፏን ሞላው። የዚህ ሙያ ሰዎች ነገር ይገርመኛል፤ ቁም ነገር የሚታወሳቸው የሰው አፍ ከሞሉ በኋላ ነው። አገጯን ደግፎ፣ «ቤት ትመለሻለሽ ወይ፣ የኔ እናት?» አላት።

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሊጡ ተጣመመ።

«አትነቃነቂ! ይኸው፣ ልኩ ተበላሸ።» አውጥቶ ጣለው፤ ሌላ በጠበጠ።

«ለቅዳሜ ይደርሳል?» አለች፣ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

«ይደርሳል። ክፈቺ።»

ከፈተች። አሁን ምንም አልጠየቃትም፤ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሎ ሊጡ እስኪደርቅ ሦስት ደቂቃ ጠበቀ። ልኩ ጥርት ብሎ ወጣ።